የብየዳ ክበባችን በ2018 ዓ.ም.

«መምህር፣ ልጆቻችንን በያጅ ልታደርጋቸው ነው?» ያሉኝ ወላጆች አንድ ሁለት አይደሉም። መልሴ አጭር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ናቸው። የቀሩት የት ይግቡ?

ስብሰባውን ልለፈው፤ በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤውም አለ። 31 የተሰበሩ ዴስኮች ጠግነናል። ዘንድሮ 9ኛ ክፍሎች ሳይወዛወዙ የጻፉት በዚያ ነው።

የካቲት ላይ የሄድንበት የቦቴ መሥሪያ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ልጆቹ ብየዳ ሲባል የቱቦላሬ በርና መስኮት ብቻ ይመስላቸው ነበር። አዛውንቱ ባለሙያ ቧንቧ በ45 ዲግሪ አጋድመው አሰሩና፣ «ይሄ 6ጂ ይባላል። ቧንቧው አይዞርም፤ የምትዞሩት እናንተ ናችሁ። ይህን ያለፈ በያጅ ለቦይለር፣ ለስኳር ፋብሪካ ይፈለጋል። የሕዳሴን 13 ተርባይኖች የሚያጠጣው ቧንቧ ተበይዶ እንጂ በቅሎ አልመጣም። ብቻ ሥራችሁ እንደ ሰው ደረት ራጅ ይነሳል፤ መዋሸት የለም» አሏቸው።

ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ የምትቆመውን የ11ኛ ክፍል ተማሪያችንን «ነይ ልጄ» ብለው ጠሩ። የመጀመሪያው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ፣ ላሜራው ላይ ተጣበቀባት፤ ወንዶቹ ሳቁ። ሁለተኛውን እስከ ጫፍ አደረሰችው። ሽማግሌው ቅርፊቱን በመዶሻ ሲያራግፉት ስፌቱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ወጣ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ፣ ሊጥ ሳፈስም እንዲሁ ነው። እጄ ከቆመ ይወፍራል፣ ከፈጠነ ይሳሳል።»

ወንዶቹ ዝም አሉ። እኔም ማስኬን ቶሎ አላወለቅሁም።

ጉድለታችንን አልደብቅም። ለ23 አባላት ያለን ማስክ 2 ነው። ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ያለ ማስክ አይቶ ዓይኑን ብየዳ መታውና ሌሊቱን ሲያነባ አደረ፤ መከለያ አለመጋረዴ የኔ ጥፋት ነው። ማሽናችን አሮጌ ትራንስፎርመር በመሆኑ ስናበራው የግቢው መብራት ይጠፋል፤ ጸሐፊያችን ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። ለኳስ ቡድኑ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ይገዛል። አልቀናሁም፤ ሲሸነፉም ያምርባቸዋል።

የምንጠይቀው አንድ ኢንቨርተር ማሽን (ከአሮጌው ያነሰ ኤሌክትሪክ የሚወስድ የብየዳ ማሽን)፣ 6 ማስክና የቆዳ ጓንት ነው። ልጅቷ የበየደቻት ላሜራ ቢሮዬ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። የጠየቃችሁኝ ወላጆች መጥታችሁ እዩዋት፤ ስትመጡ አንድ ፓኮ ኤሌክትሮድ ብትይዙ አልቀየምም።