«ልጆች ሲሞሉ ነይ»፦ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስገብቻለሁ። ሁለት ጊዜ «ይታያል» ተባልኩ። በሦስተኛው እርስዎ ራስዎ በር ላይ ቆመው «መምሬ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እኮ የተለያዩ ናቸው» ብለውኝ ገቡ። አሁን የምጽፈው ሰው ሁሉ እንዲያነበው ነው።

የጠየቅኩት ይህን ነው። በወር አንድ ቀን፣ በ21 በማርያም ቀን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የኩፍኝ ክትባት ይዛ ደብራችን ግቢ ትምጣ። ቤተ መቅደስ ትግባ አላልኩም። ሰንበቴ ቤቱ አለ።

ለምን በ21 እንዳልኩ ልንገርዎ። የንስሐ ልጄ አንድ ወንድ ልጅ ወለደች። በ40 ቀኑ ያጠመቅኩት እኔ ነኝ። የዚያኑ ዕለት «የክትባቱ ቀን ደርሷል፣ ጤና ኬላ ውሰጂው» አልኳት። ወሰደችው። በቀጠሮዋ እየሄደች እስከ ሦስተኛው ዙር አስከተበች። 9 ወር ሲሞላው ለኩፍኙ ክትባት ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄደች። «ብልቃጡ ለ10 ልጅ ነው። ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ልጆች ሲሞሉ ነይ» ተባለች። ተመለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማ ሄደች። መልሱ ያው ነው። ከዚያ ኩፍኝ መንደራችን ገባ።

ልጁ በ11 ወሩ አረፈ። ፍትሐቱንም ያደረስኩት እኔው ነኝ።

ከቀብር ስንመለስ «አባ፣ እኔ እኮ ሄጄ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም የምላት አጣሁ። አስከትቡ እያልኩ ከዐውደ ምሕረት ላይ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! የሰማችኝ እሷ ናት፣ ልጇን የቀበረችውም እሷ ናት።

ባለሙያዋን አልወቅሳትም። ሁለት ሆነው ቀበሌውን ሙሉ ይዞራሉ። ክትባት ባከነ ተብሎ የሚጠየቁትም እነሱ ናቸው። ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ሲል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክር ግን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ይህን ለባለሙያዎቹ በግልጽ መንገርና ኃላፊነቱን መውሰድ የእርስዎ ሥራ ነው። እሱ ቢከብድ እንኳ 10 ልጅ በአንድ ቀን የሚገኝበትን ቦታ አሳየሁዎት። ገበሬው በማርያም ቀን በሬ አይጠምድም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ባለፈው 21 ቆሜ ቆጠርኩ፤ ለኩፍኙ ክትባት የደረሱ 14 ሕፃናት ነበሩ። አንዱ ሠራተኛዎ በሰንበት ሥራ የለም ብሎኝ ነበር። 21 እኮ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በሥራ ቀን ነው።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 አንብቤዋለሁ። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይላል። ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይከተብ የሚል ቃል የለበትም። የትራኮማ መድኃኒት ዘመቻ ሲመጣ ከቅዳሴ በኋላ ንገሩልን ትሉን የለም? በ2012 ኮሮና ሲገባ እጅ መታጠብን አስተምሩልን ያላችሁንስ ረሳችሁት? ሁሌም እሺ ብለናል፣ ወደፊትም እንላለን። በ1999 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በተናገሩ ጊዜ፣ ክኒኑን ጥሎ ጸበል የገባውን ሰው እየለመንን የመለስነው እኛ የንስሐ አባቶች ነን። ለእናንተ መልእክት ሲሆን ዐውደ ምሕረቱ ይፈለጋል፤ ለእኛ ልጆች ሲሆን ሕግ ይጠቀሳል። ይህ ፍርድ ነው?

ለክርስቲያኑ ብቻም አልጠየቅኩም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አርብ አርብ መስጊዳቸው ይሰበሰባሉ። እዚያም ትሂድ።

የሚቀጥለው 21 ሐሙስ ይውላል። ሰንበቴ ቤቱን እናጸዳለን። እናቶቹን እኔ አስቀድሜ እነግራለሁ። እርስዎ ባለሙያዋንና የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ይላኩ። መንገዱ ከከበዳት በቅሎ ይዘን እንቀበላታለን።

የደብሩ ቄስ