«እውነተኛ ወዳጅ ምንም አይደብቅም» የሚለው ምክር ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የምክር ዓምዶች ላይ «የማፍርበት ነገር አለ፤ የልብ ጓደኛዬ አያውቅም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እውነተኛ ወዳጅ ምንም አይደብቅም» የሚል ነው። በምክር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህ መልስ ጠያቂውን ይበልጥ ያሳቅቀዋል እንላለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማይክል ስሌፒያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው በአማካይ 13 ያህል ምስጢር ይይዛል፤ ከእነዚህም 5ቱን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ገመና ያለው ሰው ሁሉ ወዳጅነቱ የውሸት ነው ማለት አይቻልም።

ጥናቱ ያሳየው ትልቁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ጓደኛው ፊት ወሬ ማስቀየሩ ሳይሆን ብቻውን ሲሆን ሐሳቡ እየተመለሰ መብሰልሰሉ ነው። «ከእንግዲህ አላስበውም» ማለትም አያዋጣም። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ቢነግራቸው ድቡ ደጋግሞ መጣባቸው።

ስለዚህ ከመናገር በፊት መጻፍ ይቅደም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 የሞከረው መንገድ ቀላል ነው፤ ለ4 ተከታታይ ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ መጻፍ ነው። ወረቀቱንም ማንም አይየው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዙሪያውን ሲጽፍ ነው፦ «ያን ጊዜ ከባድ ነበር»፣ «ሰዎች አይረዱኝም»። የተደረገው ነገር በስሙ ይጻፍ፦ «ተበድሬ ቆመርኩ፤ ዕዳውን አልከፈልኩም።» ጽፎ እንደጨረሱ መከፋት ያለ ነው፤ በዚያ ምክንያት አይቋረጥ። «ያደረግኩት መጥፎ ነው» እና «እኔ መጥፎ ነኝ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮችም ወረቀቱ ላይ ይለዩ። የመጀመሪያው ለማረም መንገድ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ያሸሽጋል።

ገመናው ጓደኛውን ራሱን የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ገንዘቡ ተወስዶ ወይም ጤናው አደጋ ላይ ወድቆ ከሆነ፣ ነገሩ የሀፍረት ብቻ አይደለም። ማወቅ መብቱ ነውና ሳይዘገይ ይነገረው።

ሌላው ገመና ለማን ይነገር? የሰው ምስጢር ይዞላችሁ የሚመጣ ሰው የእናንተንም ይዞ ይሄዳል። ከተመረጠው ሰው ጋር በአካል፣ ሁለታችሁም በማትቸኩሉበት ሰዓት ተገናኙ። በጽሑፍ መልእክት አትላኩት፤ መልሱ እስኪመጣ ያለው ዝምታ ፍርድ ይመስላል። «ላትናገር ማልልኝ» ብሎ መጀመርም ሰሚውን ያስደነግጠዋል። «የማፍርበትን ነገር ልነግርህ ነው፤ መፍትሔ ፈልግልኝ አላልኩም፤ ስማኝ ብቻ» ይበቃል። ከዚያ ነገሩ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይነገር። ሰበብ ከቀደመ ጓደኛው ፍሬ ነገሩን ሳይሰማ ክርክር ውስጥ ይገባል። እጅግ የሚጎዳው ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ማስቀረት ነው። የቀረው በኋላ ሲወጣ የተነገረውም ይጠረጠራል።

«እስከዛሬ ለምን ደበቅከኝ?» ማለቱ አይቀርም። እውነተኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ባንተ ፊት እንዳላንስ ፈርቼ» ነው፤ እንዲሁ ይነገር።

በነገታው ተናጋሪው ይጸጸትና ስልክ ማንሳት ይተዋል። ጓደኛው ደግሞ ይህን ዝምታ ቅያሜ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ቀድሞ የሚደውለው የተናገረው ሰው ይሁን፤ ስለ ገመናው ሳይሆን ዘወትር ስለሚያወሩት ነገር።

ከአክብሮት ጋር፣
በምክር አገልግሎት ላይ ያለን ባለሙያዎች