የልጆቻችን የሞዴል አውሮፕላን መጠለያ ጣሪያው ወድቋል፤ እባካችሁ አግዙን

ውድ ወገኖቻችን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩ ወላጆች፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህ ዘንድሮ ሦስተኛው ደብዳቤያችን ነው። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። እኛም ደክሞናል። ግን ዝም ብንል ልጆቹ ይበተኑብናል።

ሜዳው ላይ የሠራነው መጠለያ በረዶ ተሸክሞ ሰንብቶ ነበር። ዝናብ ሲጨመርበት ጣሪያው አልቻለም። በነጋታው ስንደርስ ከጭቃው ውስጥ ሦስት ክንፍ አወጣን። ልጆቹ ለወራት የቀረጹት ባልሳ እንጨት ውሃ ጠጥቶ፣ ስንነካው እጃችን ላይ ይፈረፈራል። አንዱ የ«ፀሐይ» ክንፍ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት በ2024 የተመለሰችውን አውሮፕላን ልጆቹ በትንሹ እየሠሯት ነበር።

«ሰፈር ፓርክ ውስጥ ለምን አይበርም?» የምትሉ አላችሁ። ከዋሽንግተን ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ በሪሞት የሚበር ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያ ውስጥ ናቸው። ርቀን የሄድነው ወደን አይደለም።

ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አምና የሰጣችሁን 4 ሪሞትና 2 የፎም መለማመጃ አውሮፕላን ሆኗል። ሪሞቱ በጥንድ የተገዛው አንዱ በልጁ፣ አንዱ በአስተማሪው እጅ ስለሚሆን ነው። አስተማሪው በራሱ ሪሞት ላይ ያለውን ማብሪያ ተጭኖ ሲይዝ ልጁ ያበራል። ልጁ ሲደናገጥ አስተማሪው ጣቱን ከማብሪያው ላይ ያነሳል፤ አውሮፕላኑ ወዲያው ለእሱ ይታዘዛል። አንዲት የ11 ዓመት ልጃችን አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር ግራና ቀኙ ተምታታባት። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ቦታ ናት። አስተማሪው ተቀብሎ አዳነላት። በሁለተኛው ዙር «ስቲኩን ወደ ዘቀዘቀው ክንፍ ግፊው፣ የኔ ልጅ» አላት። ክንፉ ቀና አለ። እናቷ አጥሩ ጋ ቆማ እልል አለች። ያ ሪሞት ባክኗል የሚል ካለ ያንን ቀን ይይልን።

ባትሪ የምንሞላበት እሳት የሚቋቋም ከረጢትም ቅንጦት አይደለም። የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ በድንገት እሳት ሊይዝ ይችላል። ኢንሹራንስም አለን፤ የሚሸፍነው ግን አውሮፕላን ሰው ወይም ንብረት ላይ ሲወድቅ ነው። ለጣሪያ አይከፍልም።

አዲሱ ጣሪያ 4,200 ዶላር ይፈልጋል። በእጃችን ያለው 1,350 ነው። የቀረው 2,850 ነው። ጉልበቱን በደቦ እንሸፍናለን፤ እንጨትና ቆርቆሮ ግን በደቦ አይገዛም። ጾም ላይ ነን፤ ጾም ያለ ምጽዋት ሙሉ እንዳልሆነ ከልጅነታችን ተምረናል። ለሙስሊም ቤተሰቦቻችንም ሰደቃ ነው፤ ልጆቻችን አንድ ሜዳ ላይ ነው ያሉት።

በዜል የምትልኩ፣ ቁጥሩ በየቤቱ በደረሳችሁ ወረቀት ላይ አለ። ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ስማችሁን ጨምሩ። በቼክ የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለገንዘብ ያዣችን ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ለማንም ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። ባለፈው ሁለት ሰዎች ማስታወሻ ሳይጽፉ ልከው ከማን እንደመጣ ለማወቅ ሳምንት ፈጅቶብናል።

ቆርቆሮውን የሚሸጥልን ሰው ዋጋውን የያዘልን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ብቻ ነው። 20 ዶላርም ይሁን፣ ከዚያ በፊት ላኩልን። በዜል ከሆነ «ጣሪያ» የሚለውን አደራ፣ አትርሱ።

የኮሚቴው አባላት