ባቡሩ ብቻ ነው ትርፍ የሚጠየቀው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የመንገደኛ ባቡር ኪሳራ ነው፣ መንግሥት ብሩን ለሌላ ነገር ያውለው ሲባል በየቦታው እሰማለሁ። ያከስር ይሆናል፣ አልከራከርም። ግን ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ዘንድሮ ስንት አተረፈ ብሎ የጠየቀ ሰው አለ? በሕዝብ ገንዘብ ይሠራል፣ በሕዝብ ገንዘብ ይጠገናል፣ አለቀ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከተማችንን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈርም ባልኖረ ነበር። (አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ሌላ 15 ዓመት ፈጅቶበታል፣ ስለዚህ ትዕግሥት አዲስ ነገር አይደለም።)

ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ወደ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው በአብዛኛው በቻይና ብድር ነው፤ ዕዳውን ባቡር የተሳፈረውም ያልተሳፈረውም ይከፍለዋል። ታዲያ ከፍለንበት በአብዛኛው ኮንቴይነር ሲመላለስበት ለምን እናያለን? ጭነት ጥሩ ገቢ ስላለው ቅድሚያ ያገኛል፣ ይገባኛል። ሰው ግን በአውቶቡስ ሌሊት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ሲንገላታ፣ በየመንገዱ የሚጠፋውን ሕይወት ማን ሒሳብ ውስጥ ያስገባዋል?

በጀት ይመደብለት ነው የምለው። በየቀኑ ይሂድ፣ ቲኬቱ የተማሪ ኪስ ይቻለው። የድሮው የአዲስ አበባ ጣቢያ፣ ለገሃር፣ መሀል ከተማ ነበር፤ የዛሬው ጣቢያ ለቡ ነው፣ እዚያ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ቢያንስ ከመስቀል አደባባይ በባቡሩ ሰዓት የሚነሳ የከተማ አውቶቡስ ይመደብ።

አንድ የድሬዳዋ አንባቢ