ቅጠሉ አረንጓዴ ነው ስላላችሁኝ የሎሚ ዛፍ

ለአትክልተኛ አቅራቢው ድርጅት
ደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በላካችሁልኝ አትክልተኛ ሥራ ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ከ3 ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በእናንተ በኩል የመጣ አትክልተኛ ግቢዬን ሠርቶ ሄዷል። ሰኞ ደውዬ የደረሰውን ተናገርኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «ቅጠሉ አረንጓዴ ነው አይደል? በቃ ዛፉ ደህና ነው» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከምንም በላይ በዚህች መልስ ምክንያት ነው።

የሎሚ ዛፌ 4 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያ አበባውን ያወጣው ገና ዘንድሮ ነው። ግንዱ የመጥረቢያ እጀታ ቢያህል ነው። አትክልተኛው ልጅ ከግንዱ ሥር የበቀለውን ሣር በእጁ ቢነቅለው ከ5 ደቂቃ አይበልጥም ነበር። እሱ ግን ያንን በናይለን ክር የሚያጭደውን ማሽን አስጠጋበት። ክሩ ግንዱን ዙሪያውን ላጠው። ቁስሉ ከመሬት 4 ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ወርዱ 3 ጣት ይሆናል። ሳይነካ የተረፈው በግድግዳው በኩል ያለች፣ እርሳስ የምታህል የቅርፊት መስመር ብቻ ናት። በዕለቱ ስዳስሰው እንጨቱ ነጭና እርጥብ ነበር። አሁን ደርቆ ቡናማ ሆኗል።

ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ እውነት ነው። ግን ውሃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ደግሞ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለች ስስ ሽፋን በኩል ነው። ቅርፊቱ ሲላጥ ውሃው መውጣቱን ስለማያቆም ዛፉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምንም ያልሆነ ይመስላል። ከታች ግን ሥሩ እየተራበ ነው። ቅጠሉ የሚጠወልገው ሥሩ ከደከመ በኋላ ነው። እስኪጠወልግ ጠብቄ ብደውልላችሁማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አትክልተኛ የሚያቀርብ ድርጅት ስልክ የሚያነሳ ሰው ይህን ባያውቅ አልፈርድም። ሳያውቅ «ደህና ነው» ማለቱ ግን አናዶኛል።

ሌላውን ባጭሩ ልናገር። ጽጌረዳዎቹ እንደ አጥር ተክል ከላይ እኩል ተከርክመዋል። ጽጌረዳ እየታየ ነው የሚገረዘው። ወደ ውጭ የዞረችውን ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣባትን እብጠት፣ ፈልጎ፣ ከሷ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። አሁን ከየዓይኑ በላይ ጣት የሚያህል ጉቶ ቀርቶ ወደ ታች እየጠቆረ ነው። እሱ እንኳ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ብዙም አላለቅስም። ሣሩም እስከ አፈሩ ድረስ ተላጭቷል። በአንድ ጊዜ ከርዝመቱ ሲሶ በላይ እንደማይቆረጥ ሣር የሚያጭድ ሁሉ ያውቃል ብዬ አስብ ነበር። አፈሩ ፀሐይ ሲያገኝ ቀድሞ የሚበቅለው አረሙ ነው፣ እሱም ጀምሯል።

ልጁ ላይ ቂም የለኝም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ከሥራው መሃል ውሃ ስሰጠው፣ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ከገባሁ 2 ሳምንቴ ነው፣ በፊት የፅዳት ሥራ ላይ ነበርኩ» ብሎ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ጽጌረዳው ጋ ሲደርስም ግራ ገብቶት አለቃው ጋ ደውሎ ነበር። አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። የተሰጠው መልስ «እኩል አድርገው» የሚል ነው። እኔ ግን ስመዘገብ የተነገረኝ «የ5 ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ» እንደሚመጣ ነው። ውሉም ላይ ተጽፏል፣ ፎቶውን አያይዣለሁ። እንግዲህ ያ ባለሙያ የት ሄደ?

የራሴን ጥፋትም አልደብቅም። እናንተን ከመምረጤ በፊት ጎረቤቴ አንድ አትክልተኛ ጠቁሞኝ ነበር። ሰውየውን ስደውልለት፣ «ግቢውን ሳላይ ዋጋ አልናገርም» አለኝ። ኩራት መሰለኝ። ያም ሆኖ መጥቶ አየ። አፈሩን በጣቱ ቆፈር አድርጎ አሸተተ፣ ጽጌረዳዎቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠየቀ፣ ውሃ መቼ መቼ እንደማጠጣ ጠየቀ። አንዲት የደረቀች ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ወደሚቀጥለው ተክል ከማለፉ በፊት መቀሱን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠረገ። በሽታ እንዳያሻግር መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ሥራ ያበዛል» ብዬ ተውኩት።

እናንተ የጠየቃችሁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ግቢው ስንት ካሬ ነው? መቼ ይምጣ? ምን ተክል እንዳለኝ የጠየቀ የለም። ደረሰኝ አላችሁ፣ ውል አላችሁ፣ የሚመጣው ሰው የደንብ ልብስ ይለብሳል። እኔም በዚያ ተሸነፍኩ። ሰው ሲቀጠር የሚታየው እጁ ነው እንጂ ሸሚዙ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ይህን የመመርመሩን ሥራ ከእኔ ላይ አንሥታችሁ ልትሠሩልኝ ነው የከፈልኳችሁ። አለበለዚያማ መሃል ላይ የእናንተ መኖር ምን ይጠቅማል?

አሁን የምፈልገው ግልጽ ነው። ለዚያ ቀን ሥራ የከፈልኩት በሙሉ ይመለስልኝ። ቀሪውን የ3 ወር ውል ያለ ቅጣት ማፍረስ እፈልጋለሁ። የልጁን ደሞዝ ግን እንዳትነኩበት። ለማያውቀው ሥራ የላካችሁት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለኝ ግን ዛፉ ነው። የተረፈችው የቅርፊት መስመር እስካልደረቀች ድረስ ተስፋ አለው። ከዛፉ ከራሱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ተቆርጠው፣ አንዱ ጫፋቸው ከቁስሉ በታች፣ ሌላው ከቁስሉ በላይ ባለው ቅርፊት ሥር እንደ ድልድይ ገብተው ይታሰራሉ። ከያዙ ምግቡ በነሱ በኩል ወደ ሥር ይወርዳል። ስስ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው፣ በቪዲዮ አይቼ ልሞክረው አልደፍርም። ይህን በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ በዚህ ሳምንት ላኩልኝ። ከሌላችሁ ደግሞ «የለንም» በሉኝና የጎረቤቴን ሰውዬ ልለምነው። የሱን ሂሳብ ግን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

6 ፎቶ አያይዣለሁ። ሦስቱ የግንዱ ናቸው፣ በየሳምንቱ የተነሡ። ቀለሙ እንዴት እንደተለወጠ ስልክ ለምታነሳው ልጅም አሳዩልኝ።

የሚመጣ ሰው ካለ ቀድሞ ይደውልልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ማሽኑን ይዞ እንዳይመጣ ብቻ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ