ደብዳቤ ለልጄ፦ ወለሉ እስኪደርቅ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ደሴ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥራ በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። ክረምቱ ሳይከብድ ግን ስለ ወለሉ ልንገርሽ።

ሐምሌና ነሐሴ ገበያተኛው ሁሉ ጭቃና ውሃ በጫማው ይዞ ይገባል። ሴራሚክ ላይ ለመውደቅ ስስ እርጥበት ይበቃል፤ ውሃው ሶሉና ወለሉ መሃል ገብቶ ጫማው መሬት እንዳይዝ ያደርገዋል። በር ላይ ካርቶን ማንጠፍ ተለምዷል፤ እኔ አልወደውም። ሲርስ ይላላጣል፣ ከነረጋጩ ይንሸራተታል። ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ እንዲገዙ ጠይቂ።

ዘይት ከፈሰሰ በመወልወያ አትንኪው፣ ሰፍቶ ይዳረሳል። ከቦታው ሳትርቂ ሰው ጥሪ፤ በባዶ የለስላሳ ሳጥን መንገዱን ዝጊ። ሰጋቱራ አብዝተሽ በትኚበት፤ ዘይቱን ሲጠጣ ዝቀሽ አውጪው። ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አረፋው ካልወጣ ኦሞው ራሱ ይጥላል። በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አለቅልቀሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ሳጥኑን የምታነሺው ወለሉን በእጅሽ ነክተሽ መድረቁን ስታረጋግጪ ነው።

ፍሪጅ ሥር ጠርገሽው ውሃው ከተመለሰ ማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል፤ ጠጋኝ ይጠራ። እግርሽን የሚጋርድ ካርቶንም ብቻሽን አትሸከሚ።

ብትወድቂ አብሽሪ፤ አፍረሽ ተፈናጥረሽ አትነሺ። አንገትሽን ካመመሽ ወይም እግርሽ ከደነዘዘ ባለሽበት ሁነሽ ሰው ጥሪ። ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ የእጅ አንጓ ቶሎ ይሰበራል። ካበጠ ራጅ ሳትነሺ ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ፤ አደራ። ጠብቆ የታሰረ ስንጥር ደም አቋርጦ እጅ እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ጭንቅላትሽ ተመትቶ ካስመለሰሽ፣ እንቅልፍ ከተጫነሽ ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።

በዚያው ቀን ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምን ፈስሶ እንደነበር፣ ማን እንዳየ። ቅጂውን አንቺ ያዢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊነት አለበት። ለጊዜው መሥራት ካቃተሽ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝሽ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈልሻል። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ኮንጎና ሸበጥ አድርገሽ አትሥሪ። ሶሉ ጥርስ ያለው የጎማ ጫማ ከኮምቦልቻ በሚወጣ ሚኒባስ እልክልሻለሁ፤ ቁጥርሽን ጻፊልኝ።

እናትሽ