በደንብ አላምጡ ማለት ለማን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጨጓራ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ምግብን በደንብ አላምጦ የመዋጥ ልማድ ይኑራችሁ የሚለው ምክር ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ልማዱማ ነበረኝ። መንጋጋዬ ነው እምቢ ያለው።

ለገሃር አካባቢ ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የቀኝ መንጋጋዬ መገጣጠሚያ ከታመመ ቆየ። ቦታው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ነው። ጣታችሁን እዚያ አድርጋችሁ አፋችሁን ብትከፍቱና ብትዘጉ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ መሀላቸው ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። እሱ ከቦታው ሲንሸራተት ቋ ይላል። አንዳንዴም አልመለስ ይልና አፍ እንደልብ አልከፈት ይላል። ቋ ማለቱ ብቻውን ግን አያሳስብም። ካላመመና አፍ በደንብ ከተከፈተ ሕክምና አያስፈልገውም። ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ ክሊኒክ እንዳትሮጡ።

የኔ ግን ያማል። አንዱ ክሊኒክ የጆሮ ጠብታ አዘዘልኝ። ሌላው ደህናውን ጥርሴን ሊነቅለው ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ መስሏቸው «ሚስማር ወግቶሻል እንዴ?» አሉኝ። የት ነው የሚያምሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሁሉም ይጠይቃል። ምን መብላት ተውሽ ያለኝ ግን አልነበረም።

ቢጠይቁኝ የምነግራቸው ነበረኝ። ከምሳ በኋላ ከመሥሪያ ቤታችን ጎን ጀበና ቡና እንጠጣለን። ቆሎ ይቀርባል። ሰው ዓይን ውስጥ እንዳልገባ እኔም እዘግናለሁ። ለውዙን በፊት ጥርሴ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ሽምብራው አይሞከርም፤ በመዳፌ ይዤው እቆይና ወሬው ሲደራ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ምሳ ላይ ምሳ ዕቃችንን ደባልቀን ነው የምንበላው። አንዷ ጥብስ ያመጣች ቀን እኔ ሽሮው ጥግ ነኝ። «ዳይት ጀመርሽ እንዴ?» ይሉኛል። የዳቦ ቅርፊት፣ በርገር፣ ጥሬ ሥጋ፣ ሁሉም ቀርቷል። ክትፎ ይመቸኝ ነበር፤ ዋጋው ነው የማይመቸው። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው መንጋጋው ጤነኛ ነበር።

ጾም ሲገባ እፎይ እላለሁ። ሽሮና ክክ ጉዴን ይሸፍኑልኛል። በሑዳዴ 55 ቀን ሙሉ ማንም አያውቅብኝም። ፋሲካ ሲመጣ ነው የምጋለጠው።

ይህ የኔ ምቾት ማጣት ብቻ አይደለም፤ የሚለካ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ሰው ሁለት ቀለም ያለው ማስቲካ እንዲያኝክ ያደርጉና ቀለሙ ምን ያህል እንደተቀላቀለ ያያሉ። ወይም ለውዝ አስኝከው ያስተፉትና በወንፊት ያጣሩታል። መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ የመንከስ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሕመሙን የፈራ ጡንቻ አይጨክንማ። ብዙ ጊዜ ማኘኩ ይረዝማል፣ የሚዋጠውም ከሌላው ሰው ይልቅ ደቀቅ ሳይል ይቀራል። የጥርስ ራጅ ብቻ የተመለከተ ሐኪም ይህን ከየት ያየዋል?

በመጨረሻ አንዲት የጥርስ ሐኪም ሦስት ጣቶቼን ደርቤ በቁመት አፌ ውስጥ እንዳስገባ አዘዘችኝ። ጤነኛ አፍ ያስገባቸዋል፤ 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የኔ ሁለቱም በግድ ገቡ። የጥርሴን ልክ ወስዳ ማታ ማታ የማደርገው የፕላስቲክ ሽፋን አሠራችልኝ፤ ተኝቼ ጥርሴን አፋጫለሁና። በተለይ ሰኔ ላይ፣ በጀት ሲዘጋ፣ ቀኑንም ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው። ሌላው ምክሯ ሞቅ ያለ ፎጣ መንጋጋ ላይ መያዝ፣ ሲያዛጉ አገጭን መደገፍ፣ ማስቲካ መተው፣ ምግብን አሳንሶ መቁረጥ፣ ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። እኔም እየተሻለኝ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ለስላሳ ምግብ ተብሎ የተዘረዘረው የተፈጨ ድንች፣ እርጎ፣ ሾርባ ነው። ገንፎ፣ ቅንጬና ፍርፍር የት ሄዱ? እስከ መቼ በለስላሳ ብቻ እንደምቆይም አይልም። ሕመሙ ሲቀል ቀስ በቀስ ወደ ጠንከር ያለው ካልተመለሱ ጡንቻው እንደሚሰንፍ የሰማሁት ከሐኪሟ አፍ ነው።

ስለዚህ አንድ የጥርስ ሐኪም ዓምዳችሁ ላይ ብትጋብዙልን። ችግሩ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ አንባቢዎቻችሁ መካከል ብዙ ጓደኞች እንዳሉኝ አልጠራጠርም። ከፋሲካ በፊት ቢሆንልኝ ደግሞ ደስታዬ ነው፤ ዶሮው ላይ ምን እንደማደርግ ከወዲሁ ልወቀው።

ከአክብሮት ጋር
የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ከለገሃር